በመዝገብ ላይ የማይሰፍር ወጪ፦ ሦስት እናቶች በሦስት አጫጭር ልቦለዶች

(በማህበራችን የንባብ ቀን ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኞች ስለ ልቦለድ እንድንናገር መጋበዛችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኛ በኮሌጅ የተማርነው ደረሰኝ ማመሳከር፣ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ በወሩ መጨረሻ ሚዛኑ መግጠሙን ማየት ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ወራት በንባብ ክበባችን ሦስት አጫጭር ልቦለዶች ስናነብ ቆይተናል። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያነቡት አንብበው ለሌሎቻችን በአማርኛ ተረኩልን፤ ቡና እየተፈላ ተከራከርን፤ አንዳንድ ቀንም ሳንስማማ ተለያየን። ሦስቱም ታሪኮች ስለ እናትና ስለ ገንዘብ ናቸው። አንብበን ስንጨርስ በእጃችን የቀረው ጥያቄ ግን የሒሳብ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲጎድል ጎዶሎውን በምን ይሞሉታል? የሚሞላውስ ማነው?

በሙያችን አንድ ነገር ጠንቅቀን እናውቃለን። ወጪ ስላልተጻፈ አይቀርም። ደረሰኝ ባይቆረጥለትም ከአንድ ሰው ኪስ፣ ከአንድ ሰው ጉልበት ወይም ከአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ይወጣል። እነዚህን ሦስት ታሪኮች ለናንተ ማቅረብ የፈለግነውም ያልተጻፈው ወጪ ከማን ላይ እንደሚወጣ በግልጽ ስለሚያሳዩ ነው። በመጨረሻ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ስላለን በትዕግሥት አዳምጡን።

የመጀመሪያው ታሪክ "አንድ ጥንድ የሐር ስቶኪንግ" ይባላል። የጻፈችው ኬት ሾፐን የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1897 ቮግ በተባለው መጽሔት ላይ ነው። ሾፐን ችግርን በወሬ ብቻ የሰማች ሴት አልነበረችም። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሞት ስድስት ልጆችና ዕዳ ትቶላት ነበር። ጽሑፎቿን ለኅትመት ማብቃት የጀመረችው ከዚያ በኋላ፣ ልጆቿን እያሳደገች ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ሶመርስ የምትባል የልጆች እናት ያላሰበችው 15 ዶላር እጇ ይገባል። ገንዘቡን በምን ላይ እንደምታውለው ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ታወጣለች፣ ታወርዳለች። ለአንዷ ልጅ ጫማ ትገዛለች፤ ዕድሜ እንዲኖረው ከተለመደው ዋጋ አንድ ሁለት ዶላር ጨመር ታደርጋለች። ለልጆቹ ልብስ የሚሆን ጨርቅ፣ ለሌላዋ ልጅ ቀሚስ፣ ለወንዶቹ ቆብ፣ ለሴቶቹ ባርኔጣ ታስባለች። ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቀዳዳ ከመጣፍ እንድታርፍ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥንድ ካልሲ ትጨምራለች። እኛ ይህን ዕቅድ በሙያ ዓይን አየነው። ጥሩ በጀት ነው። ቅድሚያ ለሚገባው ቅድሚያ ሰጥታለች፤ ዛሬ ርካሽ ገዝቶ ነገ ደግሞ መግዛት እንደሚያከስርም ገብቷታል። የሁሉም ልጆች ድርሻ በዕቅዱ ውስጥ አለ። የእሷ ግን የለም።

ገበያ በወጣችበት ቀን ምሳ መብላት ረስታለች፤ ደክሟታል። ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ፊት ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሰባስብ ጓንት ያላጠለቀው እጇ አንድ ለስላሳ ነገር ይነካል። የሐር ስቶኪንግ ነው። ዋጋው ከ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም ወርዷል። ገዛችው። የጥጡን አውልቃ የሐሩን አደረገች። ከዚያ በኋላ ለስቶኪንጉ የሚመጥን ጫማ ገዛች፤ ጓንት ገዛች፤ ድሮ ሳትቸገር ታነባቸው የነበሩ ዓይነት ሁለት ውድ መጽሔቶች ገዛች። ምግብ ቤት ገብታ በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ምሳ በላች፤ ለአስተናጋጁም ጉርሻ ተወች። ቴአትር ገባች። ሲመሽ በከተማው ባቡር ተሳፍራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባቡሩ ሳይቆም ይዟት እንዲሄድ፣ ለዘላለም እንዲሄድ ትመኛለች። ታሪኩ በዚሁ ያበቃል።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ተነጋግረናል። አንዲት አባላችን "የልጆቿን ጫማ ነው የበላችው፤ ሌላ ስም አይገኝለትም" አሉ። ሌላዋ ደግሞ "አንድ ቀን ሰው ሆና ብትውል ምኑ ነውር ነው?" ብላ መለሰች። ክርክሩን የለወጠው ከወደ ኋላ የመጣ አንድ ጥያቄ ነበር። "ከ15 ዶላሩ ሌሊት ስታቅድ 2 ዶላር ለራሷ ይዛ ብትሆን ኖሮ ቀሪው 13 ለልጆቹ አይደርስም ነበር?"

ይህን ጥያቄ የሒሳብ ሰው አልጠየቀውም፤ ቢጠይቀው ግን ያምርበት ነበር። በጀት ውስጥ ያልገባ ፍላጎት በትዕግሥት አይጠብቅም። ድካሙ ሲበረታ፣ ረሃቡ ሲጠና ድንገት ብቅ ይልና ለሌላው የተያዘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ወይዘሮ ሶመርስ የጠፋችው ሱቅ ውስጥ አይደለም። የጠፋችው ቀደም ብሎ፣ ሌሊት ዕቅዱን ስታወጣ ራሷን በዘለለችበት ሰዓት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በዚህ ታሪክ ውስጥ አቶ ሶመርስ የሚባል ሰው ድምፁም ጥላውም የለም። ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም የተሸከመችው ሚስቲቱ ናት። ማስላቱ፣ መጣፉ፣ መራቡ የእሷ ድርሻ መሆኑን ጸሐፊዋ ልትነግረን አላስፈለጋትም። እኛም እስክንጠየቅ ድረስ "አባትየው የት አለ?" ብለን አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ታሪክ "እዚህ ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ" የሚል ነው። ጸሐፊዋ ቲሊ ኦልሰን እሷም አሜሪካዊት ስትሆን፣ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ኦልሰን የቀን ሥራ እየሠራች አራት ሴት ልጆች ያሳደገች እናት ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው "ዝምታዎች" በተባለው መጽሐፏም ድህነት፣ የቤት ሥራና ልጅ ማሳደግ ስንቱን ጸሐፊ፣ በተለይ ስንቷን ሴት ዝም እንዳሰኙ ጽፋለች።

ታሪኩ ውስጥ አንዲት እናት ካውያ ይዛ ቆማለች። ኤሚሊ ስለምትባለው የ19 ዓመት ልጇ ሰው ሊያነጋግራት ይፈልጋል። ልጅቷ እርዳታ ያስፈልጋታል ተብሏል። እናትየዋ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች በልቧ መልስ ትሰጣለች። መልሷ የልጅቷ ሕይወት ታሪክ ነው።

ኤሚሊ የመጀመሪያ ልጅ ናት። የተወለደችው በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን፣ መንግሥት ለችግረኞች የእርዳታና የሥራ መርሐ ግብር ሳይዘረጋ ነው። ስምንት ወር ሲሆናት አባቷ ድህነቱን አብሬ መካፈል አልችልም ብሎ ጥሏቸው ሄደ። እናትየዋ ያኔ ራሷ 19 ዓመቷ ነው። ሥራ መፈለግና መሥራት ነበረባት፤ ስለዚህ ሕፃኗን ፎቅ ሥር ለምትኖር ሴት ቀን ቀን ትተዋት ጀመር። ከዚያ ለአባትየው ዘመዶች ሰጠቻት፤ ለመመለሻዋ የሚሆን የጉዞ ገንዘብ እስኪጠራቀም ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከተመለሰች በኋላ የሕፃናት መዋያ አስገባቻት። እናትየዋ ቦታው ጥሩ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ባታውቅም ግን ለውጥ አልነበረውም። ሌላ ቦታ አልነበረምና፤ ሥራዋን ሳትለቅ ልጇን ማቆየት የምትችልበት ብቸኛ መንገድ እሱ ነበር። በኋላ ሌላ ባል አገባች፤ ሌሎች ልጆች መጡ። ኤሚሊ ታመመችና ለማገገም ወደ ተቋም ተላከች፤ ስትመለስ ለእናቷ እንግዳ ሆና ነበር።

አባላቶቻችንን በጣም የነካው የሚቀጥለው ክፍል ነው። ኤሚሊ ከፍ ስትል እናቷ ሥራ ትሠራለች፤ የእንጀራ አባቷ ጦር ሜዳ ነው፤ ታናናሾቿ ብዙ ናቸው። ጠዋት ምሳ የምትቋጥረው፣ ጸጉር የምታበጥረው፣ የምትሸምተው፣ ሕፃን የሚያለቅስ እንደሆነ የምታባብለው ኤሚሊ ሆነች። ትምህርቷ ወደ ኋላ ቀረ። በትምህርት ቤት ትርኢት ላይ ሰው ማሳቅ የምትችል፣ ተሰጥኦ ያላት ልጅ መሆኗ ታወቀ፤ አንደኛም ወጣች። ያን ተሰጥኦ የሚያሳድግበት ገንዘብም ጊዜም ግን ቤቱ አልነበረውም።

ይህች እናት ልጇን አትወድም የሚል ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ትወዳታለች። ፍቅሯ ግን የሚመነዘርበት ጊዜ አልነበራትም። እናትነት ፍቅር ብቻ ሳይሆን ሰዓትም መሆኑን፣ ሰዓትም በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን ከዚህ ታሪክ ተምረናል። የመጀመሪያዋ ልጅ ያላገኘችውን ታናናሾቿ በመጠኑ አግኝተዋል፤ ምክንያቱም የጎደለውን ሰዓት ኤሚሊ ከራሷ ልጅነት እየቆረጠች ሰጥታቸዋለች። በሒሳብ ቋንቋ ካስቀመጥነው፣ የእናትየዋ ጎዶሎ ከዚህ ሒሳብ ወደዚያ ሒሳብ ተዛውሯል። አልተከፈለም፤ የተዛወረው በመጀመሪያ ልጅ ስም ነው። እናትየዋም በመጨረሻ የምትመኘው ልጇ ካውያ እንደሚጠብቅ ልብስ ዝም ብላ የምትተኛ ፍጡር አለመሆኗን እንድታውቅ ነው።

እዚህ ላይ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" የሚለውን አባባላችንን አነሳነው። አባባሉ ያጽናናል፤ ልብም ይሰጣል። በኤሚሊ ታሪክ ሲታይ ግን ዕድል የሚባለው ነገር ማን አዘላት፣ ማን ቁርስ አበላት፣ ማን ቤት አስቀራት ከሚለው ውጭ ሌላ ነገር ሆኖ አላገኘነውም።

ሦስተኛው ታሪክ የእንግሊዛዊው የዲ. ኤች. ሎረንስ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በአማርኛ "በሚወዛወዘው የእንጨት ፈረስ ያሸነፈው" ልንለው እንችላለን። ሎረንስ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው፤ የቤት ገንዘብ ጭቅጭቅ ምን እንደሚመስል በልጅነቱ አይቷል። በዚህ ታሪክ ያለው ቤት ግን ከሌሎቹ ይለያል። ደሃ አይደለም። አትክልት ያለው ግቢ፣ የቤት ሠራተኞችም አሉት። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ለኑሮው ደረጃ የሚበቃ ገንዘብ ነው። እናትየዋ በሰው ፊት ልጆቿን የምትወድ ትመስላለች፤ በልቧ ግን ፍቅር እንደደረቀባት ታውቃለች፤ ልጆቹም ያውቃሉ። ቤቱ ራሱ፣ ግድግዳው ሁሉ "ተጨማሪ ገንዘብ ያስፈልጋል" እያለ የሚያንሾካሹክ ይመስላቸዋል።

ጳውል የሚባለው ትንሽ ልጅ እናቱን ለምን እንደተቸገሩ ሲጠይቃት፣ አባትህ ዕድል ስለሌለው ነው ትለዋለች። ልጁ ይህን ቃል በልቡ ይዞ ዕድል ፍለጋ ይነሳል። በእንጨት ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ራሱን እስኪስት ሲጋልብ በእውነተኛው ውድድር የሚያሸንፈው ፈረስ ስም ይገለጥለታል። ከአትክልተኛውና ከአጎቱ ጋር ሆኖ በድብቅ ይወራረዳል፤ ገንዘብ ይሰበስባል። ለእናቱ 5 ሺህ ፓውንድ በየዓመቱ አንድ አንድ ሺህ እየሆነ፣ ከማን እንደመጣ ሳታውቅ እንዲደርሳት ያደርጋል። እናትየዋ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠየቀች። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ሹክሹክታው ዝም አለ ብላችሁ ታስባላችሁ? ባሰበት። ልጁም ለአንድ ትልቅ ውድድር ሲል ሌሊት ፈረሱ ላይ እየጋለበ ወደቀ። ስሙን ጠራ፤ ፈረሱ አሸነፈ፤ ልጁ ሞተ። አጎቱ ለእህቱ ነገሩን በሒሳብ መልክ ይነግራታል። በአንድ በኩል ከ80 ሺህ ፓውንድ በላይ ትርፍ፣ በሌላ በኩል አንድ ልጅ ኪሳራ።

ይህን ስንሰማ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ልጆቻቸው አረብ አገር የሚሠሩ እናቶች አሉ። አንዷ ቀስ ብላ "የኔ ቤትም እንደዚያ ይናገራል" አለች። የመጀመሪያው ገንዘብ ለዕዳ፣ ሁለተኛው ለጣራ፣ ሦስተኛው ለወንድሟ፤ ልጅቷ ስትደውል ቀድማ የምትጠይቀው ስለ ጤናቸው ሳይሆን ምን እንደጎደላቸው ነው። እሷ ምን እንደጎደላት የሚጠይቃት የለም። እኛ ልጆቻችን ሠርተው ቤተሰብ መርዳታቸውን አንነቅፍም፤ ያ ኩራታችን ነው። ታሪኩ የሚያሳየን ግን ጣሪያ የሌለው ጎዶሎ በልጅ እንደማይሞላ ነው። በቃ የሚባልበት መስመር ካልተሰመረ ቤቱ መጠየቁን አያቆምም።

እንግዲህ ሦስቱን መዝገቦች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በመጀመሪያው ታሪክ ጎዶሎው የወጣው ከእናትየዋ ሆድና እንቅልፍ ነው። በሁለተኛው ከመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ልጅነት ነው። በሦስተኛው ከወንዱ ልጅ ሕይወት ነው። ሴቷ ልጅ የተተካችው በእናቷ ቦታ መሆኑን፣ ወንዱ ልጅ የተተካው በአባቱ ቦታ መሆኑን አስተውሉ። ሴት ከሆነች ጓዳው፣ ወንድ ከሆነ ገንዘብ ማምጣቱ ይጠብቀዋል። ልጆቹን ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላዘዛቸውም። የወንድና የሴት ድርሻ ተብሎ የተቆረጠው ነገር ባዶ ቦታ ሲያገኝ የሚቀርበውን ልጅ ስቦ ያስገባል።

በአገራችን ሕጉ ይህን ለማቃናት ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ኃላፊ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ብንገልጥ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ በድምሩ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን ነው። እናቶቻችን ያገኙት እንዲቀነስ ፈጽሞ አንጠይቅም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ አባላቶቻችን ጉሊት ቸርቻሪ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢ ስለሆኑ 120ውም ቀን አይደርሳቸውም። ነገር ግን 120 እና 3 የሚሉት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሕፃን የማን ሥራ ነው ተብሎ እንደሚታሰብ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ማህበር እንምጣ። የስብሰባችን ቀን በሥራ ቀን ጠዋት ነው። በዚያ ቀን በራችን ላይ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የምትቆም የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። ደብተሯ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ያለችው በስም ብቻ ነው። እናቷ ቁጠባዋን ታስገባለች፣ ብድሯን ትከፍላለች፣ ሥልጠናዋን ትከታተላለች። በእኛ መዝገብ ላይ የእናትየዋ መገኘት ይሞላል፤ የገባው ብር በሳንቲሙ ይጻፋል። የልጅቷ የቀረችበት የትምህርት ቀን የሚጻፍበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም። ይህ የእናትየዋ ጥፋት አይደለም። ሕፃኑን ለማን ትስጠው? ማህበራችን የተቋቋመው እናትየዋ እንድትቆም ነው፤ እናትየዋ የምትቆመው ግን ልጅቷ ላይ ተደግፋ ከሆነ ኤሚሊን በራሳችን ግቢ እያሳደግናት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛው ስለ ስብሰባ ቀን ነው። ስብሰባው ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲዛወር፣ ከአዳራሹ አጠገብ ያለው ክፍል ለሕፃናት መዋያ እንዲሆን፣ ሁለት ሁለት አባላት በተራ ልጆቹን እንዲጠብቁ። ወጪው ምንጣፍ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ዳቦና ጥቂት መጫወቻ ነው። ተረኞቹም ከስብሰባ እንደቀሩ ሳይሆን ሥራ ላይ እንዳሉ ተቆጥሮ ስማቸው ይመዝገብ። በማህበራችን ልጅ መጠበቅ ሥራ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገብ ይስፈር።

ሁለተኛው ለአባላት በምናድለው የቤት በጀት ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው። አሁን ቅጹ ላይ የቤት ኪራይ፣ እህል፣ ዘይት፣ ከሰል፣ የትምህርት ቤት፣ እቁብ፣ እድር፣ ቁጠባና ብድር አሉ። ከነዚህ በላይ "ለራሴ" የሚል መስመር ይኑር። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ባዶ ግን አይቀመጥ። አንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ነው እንደምትሉ እናውቃለን። ወይዘሮ ሶመርስን አስታውሱ። በዕቅድ ያልተያዘላት ትንሽ ድርሻ በመጨረሻ 15ቱንም ዶላር ይዛ ሄደች። ለራሷ ምሳ የበላች እናት ጉሊቷ ላይ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች፤ ሐኪም ቤት በጊዜ የሄደች እናት ብድሯን በጊዜ ትከፍላለች። በሒሳብም ቢሆን አያከስርም።

ሦስተኛው ስለ ባሎቻችንና ስለ ወንድ ልጆቻችን ነው። በጀት ማውጣትን ስናስተምር ባልና ሚስት፣ ካሉም ከፍ ያሉ ልጆች፣ አብረው ቁጭ ብለው ቅጹን እንዲሞሉት እንጠይቅ። በገንዘቡ ረድፍ አጠገብ ሌላ ረድፍ ይኑር፤ ውኃ የሚቀዳው ማነው፣ የሚያበስለው ማነው፣ ሕፃኑን የሚያዝለው ማነው የሚል። ሰው ከሚሰማው ይልቅ በራሱ እጅ የጻፈውን ያምናል። ወንድ ልጅም ሳህን ቢያጥብ እጁ እንደማይቆረጥ በጽሑፍ ሲያየው ይቀለዋል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ከናንተ የሚላክልን የሪፖርት ቅጽ ስንት ሴት እንደሠለጠነች፣ ስንት ብር እንደተቆጠበ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በታማኝነት እንሞላቸዋለን። ከዚህ በተጨማሪ እናቲቱ ስትሠለጥን ቤት የዋለው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁን ደስ ይለናል። ደግሞም ሳትበላ ልጆቿን ያበላች፣ ሳትተኛ ያሳደገች ጀግና እናት የሚል ታሪክ ስናቀርብላችሁ አጨብጭባችሁ ብቻ አትለፉን። እናቶቻችን ጀግኖች ናቸው፤ ነገር ግን መራብ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሽልማት አይደለም። የሕፃናት መዋያውን ክፍል ወጪ ከፕሮጀክቱ ተገቢ ወጪዎች እንደ አንዱ ብትቆጥሩልን ለብዙ ጭብጨባ ይበልጣል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንላለን። የሦስቱ ታሪኮች እናቶች ሃምሳውንም ሎሚ ለብቻቸው ይዘው ነበር። ወይዘሮ ሶመርስ የምታማክራት ጎረቤት በታሪኩ ውስጥ የለችም። የኤሚሊ እናት በልቧ እንጂ በአፏ አልተናገረችም። የጳውል እናት ለማንም ያልነገረችውን ጭንቀት ግድግዳው ተናገረላት። እኛ ግን ይኸው ተሰብስበናል፤ እቁብና እድር ካሳደገን ባህል የመጣን ሴቶች ነን፤ የጎደለንን ጮክ ብለን ተናግረን ከጎረቤት ጋር መካፈል እናውቅበታለን። ልጅ መጠበቅንም፣ እናትን ማሳረፍንም እንደ ቁጠባችን በጋራ ልንይዘው እንችላለን።

ቅጾቹ ተባዝተው በየቡድኑ ጸሐፊ እጅ ይገኛሉ። ከጉባኤው በፊት በየቡድናችሁ ተወያዩባቸው። የማትስማሙበት ካለ ጻፉልን፤ የሚሻል ሐሳብ ካላችሁም ጨምሩበት። ማንበብ የማትችል እህት ካለች አንብቡላት፤ ታሪኮቹንም ተርኩላት። በጉባኤው ዕለት ድምፅ የምንሰጠው ስለ አንድ ክፍልና ስለ አንድ መስመር ብቻ ቢመስልም፣ በራችን ላይ ሕፃን አዝላ የምትቆመው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደምትውል የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው።